ኳሶቹ ጨዋታ አይደሉም

«ይሄ የልጆች ጌም ነው። በኳስ የተገነባ ቤት አይቼ አላውቅም።» ሰሞኑን ጀሞ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ አንጋፋ ተቋራጭ ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ የሰጧት መልስ ይህ ነው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ልጅቷ በላፕቶፗ የምታሳያቸው የፑሚስ ብሎኬት ሲሰበር ነበር። በሲሙሌሽኑ ውስጥ ብሎኬቱ እርስ በርስ የተጣበቁ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ኳሶች ነው። ከላይ ሲጫኑት መጀመሪያ እዚህም እዚያም ጥቂት ማያያዣ ይበጠሳል፤ ቆይቶ የተበጠሱት ይገናኙና ስንጥቅ ሆነው ይወርዳሉ። ፒተር ከንዳል እና ኦቶ ስትራክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ዘዴ ነው፦ እያንዳንዱ ቅንጣት ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚገፋ ይሰላል፣ በኒውተን ሕግ ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ይሰላል። የተጣበቀ ዓለት እንዴት እንደሚሰነጠቅ የሚያሰላውን ሞዴል ከንዳል ከዴቪድ ፖትዮንዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 አወጣ። ይህን የሚያሰላው ያዴ የሚባል ሶፍትዌር ደግሞ በነፃ ይገኛል። ይህን ጨዋታ የሚል ሰው ሥራውን አላየም።

የብሎኬት ነገር ያንገበግበኛል። ከስምጥ ሸለቆ ተጭኖ የሚመጣልን ፑሚስ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ከግማሽ በላይ አየር የሆነ ድንጋይ ነው። ቀላል ስለሆነ ወደድነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ያወጣው ሰው ምስክር ነው። ግን ሁለት ብሎኬቶች እኩል አየር ይዘው አንዱ ሊጠነክር፣ ሌላው በእጅ ሊፈረፈር ይችላል። ቀዳዳው በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ነው ወይስ በጠጠሮቹ መካከል? ተበታትኗል ወይስ አንድ ቦታ ተከማችቷል? የመጭመቂያ ማሽን የሚሰጠን አንድ ቁጥር ነው። ስንጥቁ ከየትኛው ቀዳዳ እንደተነሣ የምታሳየው ይህቺ ልጅ ናት። ቀዳዳዎቹ ከተገናኙ ደግሞ ውኃ መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ በክረምት ግድግዳው ረጥቦ ልስኑ የተነሣበት፣ የልጆቹ ሳል አልለቅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ጥናት ሊጠብቀው ይገባል።

ተቋራጩ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ ኳሶቹ ብቻቸውን ምንም አያውቁም። የማያያዣው ጥንካሬ በእውነተኛ ብሎኬት ተፈትኖ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሰበረው ማሽን ላይ እንደሚሰበረው እስኪሆን ድረስ መስተካከል አለበት። ልጅቷም ይህንኑ ፍለጋ አምራቾች ዘንድ ሄዳለች። አንዱ የድብልቁን መጠን «የቤት ምስጢር» አላት። ሌላው ብሎኬቱ መቼ እንደተመረተ እንኳ አልመዘገበም።

የኔ የቆየ ጠብ እዚህ ጋ ነው። የስሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርጥበት ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ግን ገና በቅጡ ውኃ ያልጠጣ ብሎኬት ተጭኖ ሲወጣ አያለሁ። ቀኑ ካልተጻፈ ገዢው በምን ይጠይቃል? ቀለም ጠቅሶ ቀን መጻፍ የስንት ብር ወጪ ነው? ሲሙሌሽኑን ያነሣሁት ስለ ሳይንስ ላወራ ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ በፊት የምፈልገው ይህ ቀን ነው። ቀኑን የማያውቅ አምራች ድብልቁን ምስጢር ቢል ምስጢሩ ለማን ይጠቅማል?

ልጅቷ የቸገራት ኮምፒውተር አይደለም። ድብልቁና የተመረተበት ቀን የታወቀ ብሎኬት ነው የቸገራት። ተቋራጩ ከሳይታቸው ጥቂት ቢልኩላት ትቀበላለች፤ የተሰበረውንም ጭምር።