ሰላምታው የረዘመ፣ መረጃው ያጠረ ጥያቄ

«የተከበራችሁ እህቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፤ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ፤ እባካችሁ ምን ላድርግ?» በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ እንጀራ አጋገር በምንመካከርባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ስብስቦች ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይቀርብ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ትሕትናው ሙሉ ነው። ለመልስ የሚያበቃ መረጃ ግን አንዲት እንኳ የለበትም። ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ሰልፍ ራይዚንግ የተቀላቀለበት? ሊጡ ስንት ቀን ቦካ? አብሲት ተጥሏል? ምጣዱስ ምን ያህል ግሎ ነበር?

እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ጨዋ ብለን መጥራት ማቆም አለብን። አንድ ሺህ አባላት ባሉት ስብስብ እያንዳንዱ ሰው ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደጎደለው ለመገመት ግማሽ ደቂቃ ቢያጠፋ፣ ከስምንት ሰዓት በላይ የሰው ጊዜ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይባክናል። ጠያቂዋ በአምስት ደቂቃ ጽፋ ልትከፍለው የምትችለውን ወጪ በሌሎች ላይ አዛወረችው። እኛ ኢኮኖሚስቶች ፋብሪካ ጭሱን ወደ ጎረቤት ሲለቅ የምንጠቀምበትን ቃል እዚህ ላይ የማንጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም። መልስ ሰጪዎቹም ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ከሥራ ተመልሰው፣ ልጆች አስተኝተው፣ ለዚህ ነገር ፍቅር ስላላቸው ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለወግ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዋሽንግተንና ዱባይ ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። በክረምት ኦስሎ ውስጥ ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ያደረ ሊጥና በሐምሌ ዱባይ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ያደረ ሊጥ በአንድ ፍጥነት አይቦኩም። እናቶቻችን «ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል» ሲሉ የነገሩን ልክ የራሳቸው ቤት ልክ ነበር። ስለዚህ ቦታውንና ሁኔታውን ያልገለጸ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ ግምት ብቻ ነው።

«አዲስ ሰው ምን መናገር እንዳለበት በምን ያውቃል? ይህ የአዋቂዎች ትዕቢት ነው» የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አላሳመነኝም። ጀማሪዋ የሚጠበቅባት ያየችውን መናገር ነው፤ እውቀት አልተጠየቀችም። ሊጡን የዘፈዘፈችበትን ቀን ለማስታወስ የማንም ልምድ አያስፈልግም። ማይክል ስፔንስ በ1973 ስለ ሥራ ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ከውጭ ሊታይ የማይችል ችሎታ ወጪ በሚያስከትል ምልክት እንደሚገለጥ አሳይቷል። የሞከሩትን ዘርዝሮ መጠየቅም እንዲሁ ነው፤ ትጉሑን ከሰነፉ ይለያል፤ ለትጉሑ ደግሞ ወጪው ኢምንት ነው። በጀማሪ ላይ የሚያፌዙ መልስ ሰጪዎችን በተመለከተ፣ ከስብስቡ ይወገዱ፤ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንባቸውም።

ከሁሉ የከፋው ግን «በውስጥ መስመር ላኩልኝ» የሚለው ልማድ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር ባደረገችው ምርምር ነው፤ በ2007 ከሻርሎት ሄስ ጋር ባዘጋጀችው መጽሐፍ ደግሞ እውቀትንም እንደ ጋራ ሀብት መርምራለች። የግጦሽ መሬት ብዙ ሲበሉበት ያልቃል። እውቀት በመካፈል አያልቅም፤ የሚያጠፋው አለመቀመጡ ነው። በአደባባይ የተሰጠ መልስ ከዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው ያገለግላል፤ በግል የተላከው ግን ከሁለት ስልኮች አያልፍም፤ ያው ጥያቄም በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ ይመጣል። ምክሩን ወስዶ ድምፁን የሚያጠፋውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። አንዷ «አብሲቱን ጨምሪ»፣ ሌላዋ «ሊጡን አቅጥኝ»፣ ሦስተኛዋ «ምጣዱ በደንብ ይጋል» ብለው ነበር፤ የትኛው እንደሠራ ማንም አላወቀም።

ይህን የምጽፈው ስለ አገራችን ተቋማት ድክመት በየወሩ ለምንከራከር ሰዎች ነው። ደንቡ በእጃችን ያለ፣ በጀት የማይጠይቅ፣ ሚኒስቴር የሌለው ተቋም እዚሁ አለን፤ እሱንም ማስተዳደር አቅቶናል።

የስብስብ ኃላፊዎች ነገውኑ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ ይህን የመሰለ ጥያቄ እንደ ናሙና ከላይ ይለጥፉ፦ «ንጹሕ ጤፍ፤ ሦስት ቀን ቦክቷል፤ ቤቱ 18 ዲግሪ ነው፤ አብሲት ጥዬ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊጡ ኩፍ ሳይል ጋገርኩ፤ ዓይኑ ከዳር ብቻ ወጣ፤ ፎቶው ይኸው። ነገ ደግሞ ኩፍ እስኪል ጠብቄ እሞክራለሁ፤ ውጤቱንም እዚሁ እጽፋለሁ።»