ኮፒ ፔስት ማድረግ ኮድ መጋራት አይደለም!

ሰሞኑን ፕሮግራሚንግ የሚለማመዱ ልጆችን ሥራ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። በኮንሶል የሠሩትን ወደ ዌብ ኤፒአይ ሲያመጡ ፋይሉን ገልብጠው ይለጥፉና «ኮዱን ሼር አደረግኩት» ይሉሃል። አላደረግከውም ወንድሜ! ሁለት አደረግከው እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ አንዱን ስታርም ሌላው እንደነበረ ይቀመጣል።

አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፣ ስሙ ይቆየን። ሮስተር የሚሠራ የኮንሶል ፕሮግራም ነበራቸው። በኋላ ተማሪዎች ውጤታቸውን በስልክ ይዩ ተብሎ ዌብ ኤፒአይ ተሠራ፤ የአማካይ ማስያው ኮድ እንዳለ ተገለበጠ። ሲ ሻርፕ ላይ ደግሞ «ማት ራውንድ» የሚባለው ነገር አለ። ሌላ ካላዘዝከው በቀር ግማሽ ላይ ያለን ቁጥር የሚያጠጋጋው ወደ ተጋማሹ ነው። 85.5ን 86 ያደርጋል፣ 84.5ን ግን 84። መምህራን ጮኹ፣ ኮንሶሉ ታረመ። ኤፒአዩን ማን ያስታውሰው? ልጅቷ ካርዷ ላይ 85፣ ስልኳ ላይ 84። ደረጃዋም ተለያየ። አባቷ መጥቶ «የልጄ ውጤት የቱ ነው?» ሲል ምን ይመለስለታል?

መፍትሔው እኮ ከባድ አይደለም። እዚያው ሶሉሽን ውስጥ ሦስተኛ ፕሮጀክት፣ ክላስ ላይብረሪ፣ ትከፍታለህ። ስሌቱን እዚያ ታስገባለህ፣ ኮንሶሉም ኤፒአዩም ሪፈረንስ ያደርጉታል። በቃ። ላይብረሪው ስክሪን ላይ አይጽፍም፣ ከኪቦርድ አያነብም፣ ስለ ኤችቲቲፒም አያውቅም። ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥር ይመልሳል። ኮንሶሉ የኤፒአዩን ፕሮጀክት በቀጥታ ሪፈረንስ ቢያደርግም ይሠራል የሚል አለ። ይሠራል፣ ግን ለአንዲት አማካይ ብለህ የዌቡን ጓዝ ሁሉ ታሸክመዋለህ።

«ለትንሽ ፕሮጀክት ይሄ ሁሉ ለምን?» ለምትሉ፣ የዘመን አቆጣጠራችንን እዩ። ዶትኔት የዕብራይስጥ፣ የፋርስ፣ የሂጅራ፣ የታይላንድ ካላንደር አለው። የኛ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ራሳችን እንጽፋለን፣ ከዚያ በየፕሮጀክቱ እንገለብጣለን። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 በፈረንጅ ስንት ነው? ጃንዋሪ 31 ትላለህ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነህ። የ2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች ግን የ2016ቱ ጥር 23 የዋለው ፌብሩዋሪ 1 ነው። ይሄ ስህተት በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ከመስከረም እስከ የካቲት ብቻ ነው የሚታየው። አንዱን ቅጂ አርመህ ሌላውን ከረሳኸው ቀጣዩ የሚጋለጥበት ቀን እስኪመጣ ተደብቆ ይጠብቅሃል። የጻፈው ልጅ ያኔ ሥራ ቀይሯል።

አሠልጣኞችም ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። አሳይመንት ሁሉ በአንድ ፋይል ተሠርቶ ሲመጣ ሙሉ ማርክ እየሰጣችሁ ልጁ ኮድ መለየትን ከየት ይማር?

ደግሞ «ኮንሶሉ ራሱ ኤፒአዩን ይጥራ» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ ካለ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ሮስተሩ ይቁም ነው የምትሉት? እንጅባራ ወይ ዳንግላ የኖረ ሰው ይሄን ሐሳብ ይዞ መምጣቱ ነው የሚገርመኝ። የተለየ ሐሳብ ያለው ኮመንት ላይ ይምጣ፣ ኮዱን ይዞ።