የሻገተ በቆሎ «የዶሮ ነው» አንበል

ሞያሌ ላይ እህል የምንነግድ እናቶች ጓሯችን ዶሮ አይጠፋውም። መኖ ሲወደድ በቆሎና ማሽላ ከካ አድርገን፣ ውኃ እስኪሸፍነው ዘፍዝፈን፣ ጠዋት ማታ እያማሰልን፣ በሁለት በሦስት ቀኑ ኮምጠጥ ሲል እንሰጣቸዋለን። እህሉ ስለሚለሰልስ ይስማማቸዋል፤ ብክነቱም ይቀንሳል። ጥሩ ዘዴ ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ዝናብ የነካው ኩንታል ሲሻግት «የዶሮ ነው» ብለን በርካሽ ሸጠናል። ገዢም «ሲቦካ ይስተካከላል» ብሎ ይወስዳል። አይስተካከልም! የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ እህሉ ስለቦካ አይጠፋም። የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ እንቁላል ይቀንሳል፤ ወደ እንቁላሉም ሊያልፍ ይችላል። እንቁላሉን የሚበሉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በዚሁ መርዝ የተበከለ በቆሎ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። በ2021ም ኬንያ በዚሁ ምክንያት የኡጋንዳንና የታንዛንያን በቆሎ ለጊዜው አግዳ ነበር። ድንበር ሲዘጋ ንጹሑን የጫነውም አብሮ ይከስራል።

ስለዚህ ከሚዛን በፊት እንልቀም፤ የሻገተውን ለማንም አንሽጥ። የአንድ ኩንታል ኪሳራ ይቻላል፤ የጠፋ እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም።