ልጃችሁን የምትንከባከበው ነርስ ሥራዋን ትወደዋለች?

ውድ ወላጆች፣ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ ያደረ ባለሙያ የልጃችሁን መድኃኒት በኪሎው ሲያሰላ ሊሳሳት ይችላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ክፍሎች የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። ንጹሕ ማረፊያ ክፍል፣ ትኩስ ሻይ፣ የማይቋረጥ ውሃና ጓንትም የእናንተ ጉዳይ ነው። የሆስፒታል አመራር ለውይይት ሲጠራችሁ ስለ ወረፋ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጠይቁ።

ከገንዘብ ውጭ እኛን በጣም የሚያስደስተን ምን መሰላችሁ? ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ታቅፋችሁት የመጣችሁት ሕፃን ድኖ ከወጣ በኋላ ወሬውን አንሰማም። ባሕር ዳር ለገበያ ስትመጡ ይዛችሁት ብቅ በሉ። ዋርዱ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ያወራል።