የመጀመሪያ ልብ ወለድ በማን ወጪ?

ብርሃኑ ዘሪሁን «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች»ን ለአንባቢ ያቀረበው በ1952 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የተማረ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ብርሃኑን የምናነሳውም በእሱ አይደለም። የምናነሳው በ«የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው፤ የወሎን ረኃብና አብዮቱን ባሳየባቸው የ«ማዕበል» ቅጾች ነው። ነገር ግን የቴዎድሮስ መጽሐፍ በ1958 ሲወጣ ሌሎች ልብ ወለዶቹ ቀድመውት ታትመው ነበር። ያ አጭርና ቁርጥ ያለ አጻጻፉ እጁ ላይ የገባው እነሱን ሲጽፍ ነው። አንባቢ እየገዛና እየተቸ አሳደገው። የመጀመሪያ መጽሐፍ እንከን የለሽ ካልሆነ አይታተም የሚለውን ክርክር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ዕጣ ሌላ ነበር። «ሌቱም አይነጋልኝ» በንጉሡ ዘመን ተጽፎ፣ ቋንቋው ከልክ አለፈ ተብሎ በር ተዘጋበት። እስኪታተም ድረስ አሥርት ዓመታት ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። እነዚያ ዓመታት ለስብሐትም ለአንባቢውም አልተመለሱም።

ዛሬ የቅድመ ሕትመት ምርመራ በሕግ የለም፤ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። አሁን ወጣቱን ደጅ የሚያስቀረው ገንዘብ ነው። እዚህ ጎንደር፣ ልብ ወለዱን የጨረሰ የቁስቋም ሰፈር ልጅ ማተሚያ ቤት ሄዶ ፕሮፎርማ ያጽፋል። ወረቀቱና ቀለሙ በዶላር የሚገባ ነውና ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የተጻፈለት ዋጋ ብዙ አይቆይም። ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። ዕቁቡን ያወጣል፣ ይበደራል፣ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ሲታተምለት ደግሞ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ያነሳል፤ ቀሪውን የሚከፍለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። ዋናው ገበያ አዲስ አበባ ነው፤ በክልላችን ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ደራሲውም መጽሐፉም ካሉበት ይቀራሉ። ይህን ሁሉ አልፈው የወጡ አሉ፤ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ደጋግሞ ታትሟል። ስንቱ ግን በፍላሽ ላይ ቀርቷል!

የሚያንገበግበኝ ይህ በቁስቋም መሆኑ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይን በተከሉበት በዚህ ቦታ፣ ያኔ ጸሐፊ መጽሐፍ ለማውጣት ከራሱ ኪስ አይከፍልም ነበር። ብራናውን፣ ቀለሙን፣ የቁም ጸሐፊውን ቀለብ የሚችለው አስጻፊው ነው፤ ስሙም ከምርቃቱ ጋር መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። እርግጥ የሚጻፈውም አስጻፊው የወደደው ነበር። ያ እንዲመለስ አልመኝም። የምመኘው ወጪውን አንባቢው ራሱ ቀድሞ የሚሸከምበትን መንገድ ነው፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ አንድ የመጀመሪያ ልብ ወለድ መርጠው ሁለት ሦስት መቶ ቅጂ አስቀድመው ይግዙ። ገንዘቡ ለማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይውላል፤ መጽሐፉም ገና ከመውጣቱ ተማሪ እጅ ይገባል።

ከፋይ ሲመጣ አዛዥም ይመጣል የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ያሳተመው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው በ1976 የገባበት ጠፋ። ስለዚህ ምርጫው ለሥነ ጽሑፍ መምህራንና ለአንባቢዎች ይተው፤ ባለሥልጣን አይቀመጥበት። ገዢው ከጽሑፉ አንዲት መስመር የማስወጣት መብት እንደሌለው በውሉ ላይ ይስፈር። ዩኒቨርሲቲው ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መግዣ በጀት ሲይዝ ይህንን አንድ መደብ ቢጨምርበት የሚቀጥለው ዓመት ላይ መጀመር ይቻላል።