በግ ሸጦ ማስተርስ

ሰሜን ሸዋ፣ ራቤል ላይ በግ የሚሸጠው ለማዳበሪያ፣ ለግብር፣ ለሠርግና ለተዝካር ነበር። አሁን አንድ ተጨምሮበታል፤ ለማስተርስ። ማዳበሪያው ዞሮ ዞሮ ገብስ ይሆናል። ሠርጉም ቢሆን ዘመድ ያበዛል። ማስተርሱ ምን እንደሚሆን ግን በግ የሸጡት አባት ቀርቶ የተማረው ልጅ ራሱ በወጉ አይነግራችሁም። አጥብቃችሁ ስትጠይቁት “ለደረጃ ነው” ይላችኋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች መልስ ናት።

ባለፈው አንድ ጎረቤታችን፣ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ቅዳሜና እሑድ የሚማርላቸው ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ያዙኝና “አንተ ልጅ፣ ይሄ ማስተርስ የሚሉት ስንት ጊዜ ነው የሚከፈልበት?” አሉኝ። “በየተርሙ ነው አባባ” አልኳቸው። “ሲያልቅስ ሥራ ይለውጡታል?” አሉ። “ሥራውስ ያው ነው፤ ደረጃው ነው የሚለወጠው” ስላቸው ትክ ብለው አዩኝና “እንግዲያ ደረጃውን የሚፈልገው መንግሥት ለምን አይከፍልም?” ብለውኝ ሄዱ። ስንት የትምህርት ኮንፈረንስ ተቀምጬበታለሁ፤ ይችን የምታህል ጥያቄ አልሰማሁም።

ሒሳቡን እንሥራው እስቲ። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። አንድ የራቤል ልጅ በዚህ ደመወዝ ላይ እያለ በግል ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ በጠቅላላው 100,000 ብር ከፈለ እንበል። ቀናውና ደረጃ አገኘ፤ 2,000 ብርም ተጨመረለት እንበል። በአሁኑ የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ባለው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ ከ2,000ው ላይ 600 ብር ሄደ ማለት ነው። ጡረታ 7 በመቶ ነው፤ 140 ብር። እጁ የምትገባው 1,260 ብር ናት። መቶ ሺሁን ለእሷ አካፍሉት፤ ሰባ ዘጠኝ ወር ይመጣል። ስድስት ዓመት ከሰባት ወር! ያውም ዕድገቱ በተመረቀ ማግስት ከተገኘ ነው፤ ስንቱ ቴምፖውን ከፋይሉ ጋር አያይዞ “ክፍት መደብ የለም” እየተባለ እንደሚከርም ቢሮ የሠራ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ከራቤል ተነስቶ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በጣርማ በር ዞሮ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰውን ትራንስፖርት፣ የአልጋውን፣ የጥራዙን፣ የጋዋኑን አልቆጠርኩም። መንገድ የተዘጋባቸውንና ፈተና ያመለጠባቸውን ሳምንታትማ ማን ይቆጥራቸዋል?

አያቶቻችን በርስት ሙግት ጎተራቸውን ሲያራቁቱ ኖረዋል። መንዜ ለአንዲት ወሰን ድንጋይ ሲል ዓመታት ደጅ ይጠና እንደነበር እያነሳን እንስቅባቸዋለን። ነገር ግን የረታው ሰው ገብስ የሚዘራበት መሬት ይዞ ይመለስ ነበር።

“ዕውቀቱስ? ሁሉን በብር ትመዝናለህ እንዴ?” የሚለኝ አይጠፋም። ወደ ዕውቀቱ እንምጣ።

የምሠራበት ቢሮ የመመረቂያ ሰሞን ሲደርስ መጠይቅ ይዘንብበታል። ርዕሱ ሁልጊዜ የአንድ እናት ልጅ ነው፤ የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የማበረታቻ ሥርዓት በሠራተኛ እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንትን መሥሪያ ቤት እንደ ማሳያ። ከ“በጣም አልስማማም” እስከ “በጣም እስማማለሁ” አምስት ሳጥን። ባለመጠይቁ ሻይ ይጋብዛል፣ እኛ ሳናነበው ራይት በራይት እናደርገዋለን። አንዱማ ቸኩሎ ኖሮ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ግማሹን በሰማያዊ፣ ግማሹን በጥቁር እስክሪብቶ ራሱ ሲሞላው ዓይኔ አየ። ያ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባና ኮከብ የተለጠፈበት ሠንጠረዥ ሆኖ ይወጣል። ይህንንም ለመሥራት የታከተው ሰው መላ አያጣም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ “ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ አናሊሲስ እናማክራለን” የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ማማከር! እዚህ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይኮሩ፤ የዚያ ምሰሶ ደንበኞች ከሁለቱም ወገን ናቸው።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ መንዝ ገብቶ ከባላገሩ ጋር ኖሮ፣ ያየውንና የሰማውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 “ሰምና ወርቅ” የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በጻፈው ሁሉ አልስማማም። ግን ሰውየው ብርዱን ቀምሶ፣ ሰው ጠይቆ ነው የጻፈው። የእኛ ልጅ እዚያው ተወልዶ፣ የበልግ ዝናብ ሲዛባ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚሆን በሆዱ እያወቀ፣ ጥናቱን የሚሠራው የአንድ ባንክ ሠራተኞች ስለ “ትራንስፎርሜሽናል ሊደርሺፕ” ምን ይሰማቸዋል ብሎ ነው። የመንዝ ጓሳ የሳር ምድር እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው። ባላገሩ ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ ከፍቶ፣ ያለፈቃድ የገባውን ቀጥቶ፣ የጋራ መሬት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ጠብቆ አቆየ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ተርፈው አሉ። ስለ አመራር ማጥናት የፈለገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አድቫይዘሩ ግን “ሪፈረንስ አታገኝበትም” ይለዋል። በሦስት ወር የሚያልቅ ርዕስ ነዋ የሚፈለገው፤ ቀጣዩ ባች በር ላይ ቆሟል።

የግል ዩኒቨርሲቲን ሁሉ ሱቅ ነው ብሎ ከሚሰድበው ጋር ግን አልወግንም። ዩኒቲ ከቋንቋ ትምህርት ቤት ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ እስከመሆን ሲደርስ የመንግሥት በር የተዘጋበትን ስንቱን ሰው አስተምሯል። ቅድስት ማርያም ስለ ግሉ ከፍተኛ ትምህርት በየዓመቱ የጥናት ጉባኤ እየጠራ ሌላው ያላደረገውን አድርጓል። ነሐሴ 2002 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በአንድ ጊዜ አግዶ፣ የግል ኮሌጆችም ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ያለ ጊዜ የተጎዳው ተማሪው ነበር፤ ከድርድር በኋላ ዕገዳውን ማላላቱ የችኮላ ውሳኔ እንደነበር ያሳያል። ቀን ሥራ ውላ፣ ማታ ልጅ አስተኝታ የምትማር የሒሳብ ባለሙያ ከማታው ክፍል በቀር ምን አማራጭ አላት? የተማረችውን ሰኞ ጠዋት የምትሠራበት ከሆነ የከፈለችው ይካካስላታል፤ እኔም እቅፍ አበባ ይዤ ምረቃዋ ላይ እገኛለሁ። ቀጣሪው ከፍሎ የሚያስተምረውም ሰው እንደዚሁ።

ጉድለቱንም አንሸፋፍን። በ2015 የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶው አልፈዋል፤ ከግሎቹ 17 በመቶው። በመጀመሪያ ዲግሪ እንዲህ የወደቀ ቤት ለሁለተኛው ሲመዘግብ “አቅምህ ምን ያህል ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው? ትምህርት ሚኒስቴር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ለግሉም ለመንግሥቱም እኩል ማድረጉን የምደግፈው ለዚህ ነው። በመግቢያው ዘበኛ ቆሟል። በመውጫው በር ግን የሚቆመው ገንዘቡን የተቀበለው ተቋም ራሱ የሰበሰበው የዲፌንስ ጉባኤ ነው፤ ብስኩትና ውሃ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ “ማይነር ኮሜንት ብቻ ነው ያለኝ” ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል።

ይህን ሁሉ የፈጠረው ግን ዩኒቨርሲቲው ብቻውን አይደለም። ገበያውን የከፈተው መሥሪያ ቤቱ ነው። የዕድገት ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቡት፤ “ዲግሪ ከሆነ ይህን ያህል ዓመት፣ ማስተርስ ከሆነ ሁለት ዓመት ያነሰ” ይላል። የምን ማስተርስ? ሥራውን በምን ያሻሽለዋል? ማንም አይጠይቅም። ገበሬ ማሳ ላይ አሥር ዓመት የቆየ የግብርና ባለሙያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ “ፕሮጀክት ማኔጅመንት” ሲማር ከቆየ ባልደረባው ሥር ይመደባል። የመምህራኑ የክረምት ትምህርት ኮታ ጠባብ ነው፤ ወረፋ የሰለቸው መምህር የግሉን በር ቢያንኳኳ አልፈርድበትም። የምፈርደው ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ዋጋውን ለራቤል በግ በተወው ሹም ላይ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ አሳድዳለሁ እያለ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚያገላብጠውም ያው መንግሥት ነው። እውነተኛ ማኅተም ያለበት ባዶ ወረቀትስ?

ስለዚህ ለወረዳ የሰው ሀብት ኮሚቴዎች አንድ ነገር ልበል። ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚቀጥለውን መደብ ስታወጡ የማስተርሱን መስመር ሰርዙት። ተወዳዳሪዎቹን ውርጭ የመታው ማሳ ላይ አውጧቸው፤ ገበሬው ራሱ ባለበት ለመጪው በልግ ምን ይደረግ ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ያለውን ሹሙት፤ ዲግሪው አንድም ይሁን ሁለት። ያኔ ለቅዳሜና እሑዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚመዘገብ እናያለን።