ጉዱማሌ ላይ ግፊቱን የለካችሁት ሰውዬ ነገ የት ይሂድ?

 

ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ጽፈውልኝ ነበር። «ዶክተር፣ በዚህ ሴሚስተር ጉዱማሌ ላይ ድንኳን ተክለን ለማኅበረሰቡ ነፃ የግፊትና የስኳር ምርመራ ልንሰጥ ነው። ምን ይመክሩናል?» ይላል። ልጆቹ ደስ ይላሉ። ትምህርቱ ራሱ እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖ ሳለ ቅዳሜያቸውን ለሰው ሊሰጡ ነው። መልሴ ግን ጠንከር ስለሚል ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ የማትገኙ ከሆነ ግፊት መለካቱን ተዉትና ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ለምን?

ጉዱማሌን ለማታውቁ፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ቦታ ሲሆን በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ሰው ነፋስ ሊቀበል፣ ፎቶ ሊነሳ ይመጣበታል። ለዘመቻ የሚመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሰው መጥራት አያስፈልግም፣ ሰው ራሱ አለ።

ለግፊት ልኬት ግን አስቸጋሪ ቦታ ነው። ግፊት በትክክል እንዲለካ ሰውዬው 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ። ሽንቱን ሸንቶ። ባለፉት 30 ደቂቃዎች ቡና ያልጠጣ፣ ሲጋራ ያላጨሰ፣ ሩጫ ያልሮጠ። እኛ አገር ጫትም ይጨመርበት፤ ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ድንኳኑ ውስጥ የሚሆነውን ግን ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ቡናውን አሁን ጨርሶ ተነስቷል፣ ከጓደኛው ጋር እየተሳሳቀ ነው፣ የጃኬቱ እጅጌ ክንዱ ላይ ተጠቅልሎ አንቆታል፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ አለ። «ቀጣይ!»

ሁሉን ነገር አሟልታችሁ ብትለኩ እንኳ ያንድ ቀን ቁጥር አይበቃም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የግፊት ሕመም አለበት የሚባለው 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ልኬት በተለያዩ ቀናት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲገኝበት ነው። ስለዚህ ያንድ ቀን ዘመቻ በአሠራሩ ግማሽ ምርመራ ነው ማለት ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ስትመለሱ ነው።

«ግማሹስ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ተረኛ ክፍል ቁጭ ብዬ የማያቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው «ከፍ ብሏል» ተብሎ ደንግጦ ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ የሚከታተለው ስላጣ የጎረቤቱን ክኒን ራሱን ባመመው ቀን ብቻ የሚውጥ ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በፊት የሆነ ቦታ «ኖርማል ነህ» የተባለ ነው። ያችን ቃል እንደ ዋስትና ይዞ ኖሮ አፉ ተጣሞ፣ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በቤተሰብ ተደግፎ ይመጣል። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም። አያምምና ሰው አይፈልገውም።

አሁን ስለ አንድ ደብተር ልንገራችሁ።

ተማሪ እያለሁ ክበባችን ውስጥ አንዲት ሲኒየር ነበረችን። ስለ ባነሩ፣ ስለ ቲሸርቱ ቀለም ምንም አስተያየት የላትም። (በነገራችን ላይ ለቲሸርት የሚወጣውን ብር ሳይ እስካሁን ይገርመኛል፤ ስንት የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይገዛ ነበር።) የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደብተሩ የታለ?» ስም፣ ስልክ፣ የዛሬው ልኬት፣ የሚመለስበት ቀን። በቃ። ማታ ማታ ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት፣ ለማንም አታሳይም፣ ፎቶ አታስነሳም። የሰው ምስጢር ነዋ።

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር ተለክቶ 190/110 ሆነ። አምስት ደቂቃ አሳርፋ ደገመችው፣ ያው ነው። ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የእይታ ብዥታ እንዳለው ጠየቀችው። ሳቀባት። «እኔ ምንም አያመኝም፣ እናንተ ተማሪዎች ልምምድ ላይ ናችሁ» አላትና ቁልፉን እያሽከረከረ ሄደ። በማግስቱ ደወለችለት። በሦስተኛው ቀን ደወለችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ተቆጥቶ መጣ፤ «አፏን ላስይዝ ብዬ ነው» እያለ። ስትለካው አሁንም ከፍተኛ ነው። በራሱ ባጃጅ አብራው ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ካርድ ሲያወጣ ጠበቀችው። ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል። መንገድ ላይ ካገኘኝ «ያቺ ነገረኛ ደህና ናት?» ይለኛል።

ታሪክም አለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» በሚባለው ፕሮግራም አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ሄደው ያገለግሉ ነበር፣ አብዛኞቹ በመምህርነት። በ1967 ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቱ። ሁለቱም በፈቃድ አልነበሩም። የሁለተኛው ፖለቲካም ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ ከወላጆቻችሁ ጠይቁ። ግዴታው ይመለስ እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ግን ያስቀናኛል፦ መምህሩ የዛሬ ሳምንትም እዚያው ክፍል ነበር። እኛ ፈቃዱን አገኘንና መቆየቱን ጣልነው።

ደም ልገሳም ላይ ይኸው ነው። በየግቢው ትልቅ ቀን ይዘጋጃል፣ ሰልፉ ግቢውን ይዞራል። ቀይ የደም ሴል ግን ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ገደማ ነው። ፕሌትሌት 5 ቀን አካባቢ ብቻ። ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ የእናንተን ፕሮግራም ጠብቃ አታምጥም። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ሁላችሁም በአንድ ቀን ከምትሰለፉ በሦስት ቡድን ተከፍላችሁ በየወሩ አንዱ ቡድን ቢሄድ ለደም ባንኩ በጣም ይሻላል። ክረምት ግቢው ሲዘጋም ያላችሁበት ከተማ ስጡ።

ወደ ጉዱማሌ ልመለስ። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ከፍ ያለ ያገኘነውን ሰው ማን ይቀበለናል?» በሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን አነጋግሩ፤ ፕሮግራሙ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩትም እነሱ ናቸው። ሲዳምኛ የሚችሉ ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣ ልጅ አንድን አዛውንት በምልክት ጨው እንዲቀንሱ ሲመክር ማየት ያሳዝናል። መድኃኒት አትስጡ፣ የሚወስዱትንም «አቁሙ» አትበሉ። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ያለበት ሰው ካገኛችሁ ደብተሩን ተዉት፣ ያን ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። መቶ ሰው ለክታችሁ ከምትበተኑ ሃያ ሰው ለክታችሁ ሃያውንም ሁለተኛ እዩ። ተመራቂዎች ደግሞ ደብተሩን ለሁለተኛ ዓመቶች ሳታስረክቡ ጋዋን እንዳትለብሱ።

ልጆች፣ ቀኑን ስትቆርጡ ጻፉልኝ፣ ሁለተኛውን ቅዳሜ ጭምር። ተረኛ ካልሆንኩ መጥቼ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ።